«የደንበኛ ስህተት» ብዬ የዘጋሁት ቅሬታ

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከጎንደር ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከማራኪ ነው። 29 ዓመቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ አዲስ አበባ አንድ ድርጅት ውስጥ ደንበኞች አገልግሎት ገባሁ። ሦስት ዓመት ስልክ አነሳሁ። ማታ ማታ ኮድ ተማርኩና ድርጅቱ ራሱ ወደ ዴቨሎፐርነት አዛወረኝ። እናቴ ስለታመመች ወደ ጎንደር ተመልሼ ከቤት ሆኜ ፍሮንት ኤንድ፣ ማለትም ሰው ስክሪን ላይ የሚያየውን ክፍል ኮድ፣ እሠራለሁ። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሥራዬን አልጠላውም። ልቤ ያለው ግን ስክሪኑ ላይ ምን ይምጣ፣ ምን ይቅር የሚለው ላይ ነው። ፕሮዳክት ዲዛይነር መሆን እፈልጋለሁ። የሌሎችን ፖርትፎሊዮ፣ የሥራ ማሳያቸውን፣ ሳይ ግን እጄ ይዝላል። ሥዕል አልችልም። አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ‹አንድ ቦታ አትረጊም? ስንቴ ነው የምትጀምሪው?› ይሉኛል። የመብራት ክፍያቸውን በስልክ የምከፍልላቸው እኔው ነኝ፣ ሥራዬ ግን አይታያቸውም። አምስቱ ዓመት ባከነ ማለት ነው? እንደገና ከጀማሪ ልነሳ? ደግሞስ ጎንደር ተቀምጦ ይሆናል ወይስ አዲስ አበባ ልመለስ?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እናትሽን እግዜር ይማርልሽ።

እኔም የመጣሁት በዚሁ መንገድ ነው። ስልክ አነሳሁ፣ ኮድ ጻፍኩ፣ አሁን ዲዛይን እሠራለሁ። ስለዚህ «ይሆናል ወይ?» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ ይሆናል። የሚከብደው «እንዴት?» የሚለው ነው። ለእሱ አንድ የማልረሳውን ጥሪ ላንሳልሽ።

ያኔ የምሠራው የአገር አቋራጭ አውቶብስ ትኬት በስልክ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት እናት ደወሉ። ያሉት ጎንደር መናኸሪያ ነው። የታመመ ልጃቸውን ይዘዋል። በማግስቱ አዲስ አበባ የሐኪም ቀጠሮ አለው። አውቶብሱ ግን የለም። ትኬታቸውን ከፍቼ አየሁት። 05:00 ይላል። አውቶብሱ ሊነጋ ሲል ወጥቷል።

«እማማ፣ ሰዓቱ እኮ ትኬቱ ላይ ተጽፏል» አልኳቸው።

«አዎ ልጄ፣ 5 ሰዓት ይላል። አሁን 5 ሰዓት ነው» አሉኝ።

ቀና ብዬ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። እውነትም ከረፋዱ 5 ሰዓት ነበር።

ቅሬታውን ስዘጋ ከሦስት ምክንያቶች አንዱን መምረጥ ነበረብኝ፤ የሲስተም ብልሽት፣ የክፍያ ችግር፣ የደንበኛ ስህተት። ሲስተሙ አልተበላሸም። ክፍያውም ገብቷል። «የደንበኛ ስህተት» የሚለውን ተጭኜ ወደሚቀጥለው ጥሪ አለፍኩ። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዴቨሎፐር ሆኜ ያንን ኮድ ከፈትኩት። ጥፋቱን ፈለግኩ። አጣሁት። ሰዓቱ በትክክል ተመዝግቧል፣ በትክክልም ይወጣል። የእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር 5 ሰዓት ነው። ኮዱ ልክ ነው። እኚያ እናትም ልክ ነበሩ። ልጁ ግን ቀጠሮው አምልጦታል።

ዲዛይን ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ሰውም ልክ ሆኖ፣ ኮዱም ልክ ሆኖ፣ አንዲት እናት መናኸሪያ ቆመው ሲቀሩ «ይሄ የኔ ጉዳይ ነው» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ስልክ አንሺው «የደንበኛ ስህተት» ብሎ ዘጋው። ኮድ ጸሐፊው «ልክ ነው» ብሎ ዘጋው። በሁለቱ መካከል የወደቀውን ማንሳት ነው ሥራው። አንቺ ደግሞ ሁለቱም ወንበር ላይ ተቀምጠሻል።

አስተካክለዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። መጀመሪያ «ረቡዕ ከሌሊቱ 11 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ቅሬታ መጣ። ሰውየው የደረሱት ልክ በ24 ሰዓት ዘግይተው ነው። ለእሳቸው የረቡዕ ሌሊት ማለት ረቡዕ ውሎ ከመሸ በኋላ ያለው ሌሊት ነው። እውነታቸውን ነው። ለእኛ ቀኑ የሚጀምረው ሲነጋ ነው። ስልኩ ግን ቀን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው።

ወንበሬን ትቼ መናኸሪያ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያውኑ መሄድ ነበረብኝ። ትኬት ቆራጩ አጠገብ ቆሜ ዋልኩ። ለእያንዳንዱ መንገደኛ «ለረቡዕ አጥቢያ 11 ሰዓት ነው፣ 10 ተኩል እዚህ ይድረሱ» ይላል። መልሶ የጠየቀው ሰው አላየሁም። ቃሉን እንዳለ ወስጄ ትኬቱ ላይ አሰፈርኩት፤ «ማክሰኞ ሌሊት፣ ለረቡዕ አጥቢያ፣ 11 ሰዓት»። በሰዓት ምክንያት የሚመጣው ቅሬታ ቆመ።

ልብ በዪ፣ እዚህ ውስጥ ሥዕል የለም። ቀለምም የለም። አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። እሷን ለመጻፍ የእኚያን እናት ድምፅ መስማት ያስፈልግ ነበር። ኮዱን ከፍቶ የሚቻለውን ማወቅ ያስፈልግ ነበር። ሄዶ መናኸሪያ መቆም ያስፈልግ ነበር። ሁለቱ አሉሽ። የሚቀርሽ ሦስተኛው ነው።

ስለዚህ አምስቱ ዓመት አልባከነም። ግን ላባብልሽ አልፈልግም። ሁለቱም ሥራ ዕውቀት ብቻ ሳይሆን መጥፎ ልማድም ይተዋል። እኔን ብዙ ያስከፈለኝ እሱ ነው።

ከስልክ ሥራ የመጣው አንዱ ልማድ የሰሙትን ሁሉ የሕዝቡ ሁሉ ችግር አድርጎ ማሰብ ነው። የደወለ ሰው እኮ ስልኩ ላይ ሒሳብ ያለው፣ ጊዜ ያለው፣ ለመናገር የማያፍር ሰው ነው። ግራ ገብቶት አፑን ያጠፋውና ወደ ወረፋው የተመለሰው አይደውልም። እሱን ካልፈለግሽው አታገኚውም።

ሌላው ልማድ የእጅ ነው። ሰው ሲቸገር «እዚህ ጋ ይጫኑ» ማለት ሦስት ዓመት ደመወዝ የተከፈለሽበት ሥራ ነው። ዲዛይን ስትፈትኚ ግን ይህ ደግነት ሁሉን ያበላሻል። ሰውየው ተሳስቶ የት እንደሚሄድ ማየት አለብሽ። እኔ እጄን ከጭኔ ሥር አድርጌ እቀመጥ ነበር። ዛሬም ይከብደኛል።

ከኮድ የሚመጣው ደግሞ ሌላ ነው። ሐሳብ ሳይወለድ ትገድያለሽ። ገና ሰውየው ተናግሮ ሳይጨርስ «ይሄ ሁለት ሳምንት ይፈጃል» ይልሻል ጭንቅላትሽ። ሁለተኛው ደግሞ መወሰን ሲያቅት ምርጫ መጨመር ነው። በሰዓቱ ጉዳይ አንድ ባልደረባዬ «ሴቲንግ ውስጥ የሐበሻና የፈረንጅ ሰዓት መቀየሪያ እናስገባ» ብሎኝ ነበር። በኮድ ረገድ ጥሩ ሐሳብ ነው። እኚያ እናት ግን ሴቲንግ ከፍተው አያውቁም። መወሰን ያለብን እኛ ነበርን።

በሌላ በኩል የኮድ ሰው መሆንሽ ብዙ ዲዛይነር የሌለውን ነገር ሰጥቶሻል። አብዛኛው ፖርትፎሊዮ የሚያሳየው ሁሉ ነገር የተሳካበትን ቀን ነው። ስም ሁሉ አጭር፣ ኔት ሁሉ ፈጣን፣ ፎቶ ሁሉ ቆንጆ። አንቺ ግን «ክፈል» የሚለው ከተጫነ በኋላ ኔት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ብሩ ሄደ ወይስ አልሄደም? ሰውየው ደግሞ ቢጫን ሁለት ጊዜ ይቆረጥበታል? መብራትና ኔት እየሄደ በሚመጣበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በእኔ እምነት የዲዛይነር ሙያ የሚለካው በዚያ ስክሪን ነው።

ሥዕል አልችልም ላልሽው። ዓይን ይፈልጋል፣ ዓይን ግን ይሠለጥናል። መጀመሪያ የሚለካውን ያዢ። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው በጽሑፉና በጀርባው ቀለም መካከል ያለው ልዩነት ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን ይላል። አንድሮይድ በጣት የሚነካ ነገር ቢያንስ 48 በ48 ዲፒ (የስክሪን መለኪያ ነው) ይሁን ይላል። ይህን ለማወቅ ሠዓሊ መሆን አያስፈልግም። የእኛን ፊደል ደግሞ ለብቻው አጥኚው። ለላቲን የተመረጠ ትንሽ መጠን ለእኛ አይሆንም። «ኩ»ን ከ«ኪ» የሚለየው አንዲት ጭረት ያለችበት ቦታ ነው። መነጽር ለሌለው አዛውንት ጭረቷ ጠፍታ ትቀራለች። ዲዛይን የሚሠራበትን ሶፍትዌር፣ ፊግማን፣ እንደ ትልቅ ነገር አትፍሪው። የድረ ገጽ መልክ የሚጻፍበትን ሲኤስኤስ የሚያውቅ እጅ ቶሎ ይለምደዋል።

አሁን ወደ ፖርትፎሊዮሽ። ሦስት ታሪክ ይበቃል። ቆንጆ ስክሪን አትደርድሪ። ችግሩ ምን ነበር፣ ማን ተቸገረ፣ መጀመሪያ ምን ሞከርሽ፣ ለምን አልሠራም፣ ከዚያስ? ያልሠራውን አትደብቂ። እኔ ሰው ስቀጥር ቀድሜ የምፈልገው እሱን ነው።

አንዱን ታሪክ ከከተማሽ ስም መጀመር ትችያለሽ። ግማሹ ሰው «ጎንደር» ብሎ ይጽፋል፣ ግማሹ «ጐንደር»። ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። በአንደኛው የተመዘገበ ሆቴል በሌላኛው ሲፈለግ «አልተገኘም» ይላል። ጸሐይና ፀሐይም እንዲሁ ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀም እንዲሁ። ከማነጻጸርሽ በፊት ወደ አንድ ፊደል ማምጣት በኮድ ቀላል ነው፣ አንቺው ትሠሪዋለሽ። ከባዱ ዲዛይኑ ነው። ሰውየው የጻፈው እንዳለ ይታየው ወይስ ተስተካክሎ? የገዛ ስሙ ቢሆንስ? «ዓለሙ» ብሎ ራሱን የሚጽፍ ሰው «አለሙ» ተብሎ ሲያየው ደስ አይለውም። የስም ነገር ከተነሳ፣ የአባት ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚል ፎርም ስንቱን አያቱን እንዳስጻፈ ስልክ ስታነሺ ሳትሰሚ አትቀሪም። እሱም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

ጎንደር ወይስ አዲስ አበባ? እናትሽ ጋ ሁኚ። ይህን የምልሽ ለእናትሽ ብዬ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ዲዛይነር የማያገኛቸው ሰዎች አንቺ ደጃፍ አሉ። ቅዳሜ ገበያ ውረጂ። ከገጠር እህል ጭኖ የመጣው ገበሬ ብር በስልክ ሲቀበል እዪ። ሆስፒታሉ በር ላይ ከሩቅ ወረዳ የመጣ አስታማሚ አለ። ፒያሳ ላይ ባጃጅ ነጂዎች አሉ። እንዲያውም ከተማሽ ለዚህ እንግዳ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲው በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን በአንድ ቡድን ጤና ጣቢያ ልኮ ነበር የሚያሠለጥነው። በሽታውን ከክፍል ሳይሆን ከሰፈሩ ነው የተማሩት።

ግን ተጠንቀቂ። አገራችን ውስጥ ሰው ስትፈትኚ ይሉኝታ አለ። «እንዴት ነው፣ ወደዱት?» ብለሽ ከጠየቅሽ ሁሉም «ጎበዝ፣ በጣም ጥሩ ነው» ይልሻል። ሊያሳዝንሽ አይፈልግም። ለፍተሻል እኮ። ስለዚህ አስተያየት አትጠይቂ። ሥራ ስጪ። «ለእህትዎ 200 ብር ይላኩልኝ» በዪና ዝም በዪ። አፋቸው የሚልሽን ሳይሆን አውራ ጣታቸው የሚቆምበትን እዪ። «ሌላ ሰው የሠራው ነው» ማለትም ይረዳል፣ ግን ውሸት እንዳይሆንብሽ አንዷ ባልደረባሽ የሠራችውን አንቺ ፈትኚ፣ አንቺ የሠራሽውን እሷ ትፈትን። የወሰድሽባቸውን ጊዜም አትርሺ። የቡና ሒሳብ ክፈዪ።

ስንት ሰው? የአጠቃቀም ጥናት ባለሙያው ጄኮብ ኒልሰን በ2000 እ.ኤ.አ. አምስት ሰው ከተፈተነ ከችግሮቹ 85 በመቶ ያህሉ ይታያል ብሎ ጽፎ ነበር። ቁጥሩን የተከራከሩት ብዙ ናቸው። እኔ የያዝኩት ሌላውን ምክሩን ነው፤ አንዴ 15 ሰው ከመፈተን አምስት ፈትኖ፣ አስተካክሎ፣ ሌላ አምስት መፈተን ይሻላል። አምስቱ ግን ተመሳሳይ ሰዎች ይሁኑ። ሁለት ገበሬ፣ ሁለት የባንክ ሠራተኛና አንድ ተማሪ ቀላቅለሽ አምስት አትበዪ።

ስለ ጀማሪነት። ሥራ ለቀሽ ከዜሮ አትነሺ። አለቃሽን አንድ ነገር ጠይቂ። ስልክ ስታነሺ ደጋግሞ ይመጣ ከነበረ ቅሬታ አንዱን ምረጪ። «ይህን ከጥናቱ እስከ ኮዱ እኔ ልያዘው፣ ሦስት ወር ስጡኝ» በዪ። ደመወዝሽም መጠሪያሽም እንዳለ ይቆይ። ከመጀመርሽ በፊት በዚያ ጉዳይ በወር ስንት ቅሬታ እንደሚመጣ ከድሮ ባልደረቦችሽ ውሰጂና ጻፊ። ሦስት ወር ሲሞላ እንደገና ቁጠሪ። ያ ቁጥር ከየትኛውም ሰርተፊኬት ይበልጥ ይናገርልሻል፣ የደመወዝ ድርድር ሲመጣም የምትቀመጪው በእሱ ነው። ሦስት ወሩን በጽሑፍ ይስማሙልሽ። በቃል ብቻ ከሆነ ሁለት ሥራ በአንድ ደመወዝ ሆኖ ይቀራል። በእኔ ላይ ደርሷል፤ አንድ ዓመት ሙሉ። እምቢ ካሉሽ ሦስቱን ታሪክ ጨርሰሽ ሌላ በር አንኳኪ።

አባትሽ ቀሩ። አትቀየሚያቸው። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን በአንድ ሙያ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ስለ አንቺ የሚሰጉትም ስለሚወዱሽ ነው። ዲዛይን የሚባለውን ሙያ ካቀኑት አንዱ ዶን ኖርማን በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቆ፣ ዶክትሬቱን በሥነ ልቦና ሠርቶ፣ ከብዙ ዓመት ማስተማር በኋላ በ1993 እ.ኤ.አ. አፕል የገባ ሰው ነው። ብትነግሪያቸው አይከፋም። ግን በወሬ የሚያምኑሽ አይመስለኝም።

የመብራት ክፍያቸውን አንቺ ነሽ የምትከፍዪላቸው፤ አይደል? በሚቀጥለው ወር አትክፈዪላቸው። ስልኩን ስጫቸው። «አባዬ፣ ለሥራዬ ነው፤ እርስዎ ይክፈሉ፣ እኔ ልይ» በያቸው። አጠገባቸው ተቀመጪ። ወረቀት ያዢ። ሲቆሙ የቆሙበትን ጻፊ። የተሳሳተ ቦታ ሲጫኑ እጅሽን አትዘርጊ። «ምኑን ነው የምጫነው?» ሲሉሽ «እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» በያቸው። ምናልባት ይቆጡሻል። መምህር ሲቆጣ ደግሞ የሚናገረው ግልጽ ነው፤ የትኛው ቃል እንዳልገባቸው፣ ለምን እንዳልገባቸው፣ እንዴት መጻፍ እንደነበረበት ጭምር ይነግሩሻል። ያሉትን ቃል በቃል ጻፊው። ማታ ተቀምጠሽ ያንን ስክሪን በእሳቸው ቃል እንደገና ሥሪውና ጠዋት ቡና ላይ መልሰሽ ስጫቸው።

የመጀመሪያው ታሪክሽ እሱ ይሁን።